አንገቴን ተወኝ

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ናችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም። ስለ አንገቴ ነው የማወራው፣ አትሳቁ።

ደሴ ፒያሳ ነው የጀመረው። የኋላ ማርሽ አስገብቼ፣ ቀኝ እጄን የጋቢናው ወንበር ላይ ጣል አድርጌ ወደ ኋላ ዞር ስል ዓይኔ ድርግም አለ። መብራት እንደጠፋ በሉት። ወደ ፊት ስመለስ ለቀቀኝ። ቁርስ ስላልበላሁ ነው ብዬ አለፍኩት።

ሲደጋገም ለእማዬ ነገርኳት። "ደም ማነስ ነው፣ አብሽር" ብላ ሳምንቱን ሙሉ አብሽ አጠጣችኝ። ጓደኛዬ ደግሞ ጨጓራ ነው አለ፤ እኛ ጋ መቼስ ጨጓራ የማይሆን በሽታ የለም። አንድ ክሊኒክ ግፊቴን ለክተው ቫይታሚን ሰጡኝ። ሁሉም የጠየቀኝ ምን እንደበላሁ ነው። ወደ ግራ ስዞር ደህና መሆኔን እኔም ልብ ያልኩት ቆይቼ ነው። ኮምቦልቻ ስወርድ ሐረጎ ጠመዝማዛው ላይ ቢይዘኝስ ብዬ ሳስብ አሁንም ይዘገንነኛል።

በመጨረሻ አንዲት ሐኪም "ወደየት ስትዞር ነው?" አለችኝ። በቃ፣ ይሄው ነበር ጥያቄው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወደ ኋለኛው አንጎል ደም የሚያደርሱ ሁለት የደም ቧንቧዎች በአንገት አጥንቶች ጎን ባሉ ቀዳዳዎች ውስጥ እያለፉ ይወጣሉ፤ ጭንቅላታችን ከሚዞረው ግማሽ ያህሉ ደግሞ በላይኞቹ ሁለት አጥንቶች መካከል ስለሆነ፣ ወደ ቀኝ ስዞር የግራው እዚያ ጋ ይጨመቃል። ብዙ ሰው ላይ ሌላኛው ይሸፍናል። የኔ የቀኙ ከተፈጥሮው ቀጭን ነው። አልትራሳውንዱን አንገቴን አቅንታም አዙራም አየችው፣ ከዚያ አዲስ አበባ በአንጂዮግራፊ፣ ማለት የደም ቧንቧን በምስል በሚያሳይ ምርመራ፣ ተረጋገጠ።

ስሙ የቀስተኛ በሽታ ነው አሉኝ፤ በ1978 እንደ ፈረንጆቹ ቀስት ሲለማመድ በታመመ ሰው ምክንያት የወጣ ስም። እኔ ቀስት ቀርቶ ወንጭፍ ይዤ አላውቅም!

ግን እንዳትደነግጡ፣ ይሄ በጣም ጥቂት ሰው ላይ ነው የሚታየው። አልጋ ላይ ስትገላበጡ ቤቱ ለጥቂት ሰከንድ ከዞረባችሁ ብዙውን ጊዜ የጆሮ ጣጣ ነው። አንገታችሁ እንደዞረ ዓይናችሁ ከጨለመ ወይም ከወደቃችሁ ግን ለሐኪም የዞራችሁበትን ጎን ጭምር ንገሩ።

እኔ አሁን ደም የሚያቀጥን ኪኒን እወስዳለሁ፣ ሰው እስኪስቅብኝ ድረስ በስፖኪዮ ብቻ ነው ወደ ኋላ የምሄደው። ባለፈው ፀጉር ቤት ልጁ ቆርጦኝ ሲጨርስ እንደ ልማዱ አንገቴን ቀጭ ሊያደርግ አገጬን ያዘ። "ተወኝ ወንድሜ!" ብዬ ጮህኩበት። ቅር አለው መሰለኝ፣ ጉርሻ ጨምሬለት ወጣሁ።