ለጀምበሯ ጀርባ መስጠት፦ ወጀብና ምሽትን በኦኪቾቢ ሐይቅ ዳር ማንሳት

[ድምፅ ብቻ፦ ነፋስ፣ ከሩቅ የሚያጉረመርም ሰማይ። ከዚያ ፎቶው ቀስ ብሎ ይወጣል።]

ይህን ፎቶ እስኪ ደህና አድርጋችሁ እዩት። ከታች ጠፍጣፋ ውሃ አለ። ከላይ እንደ አበባ ጎመን የተቆለለ ደመና። አናቱ ብርቱካናማ፣ ወገቡ ሮዝ፣ እግሩ ጥቁር ሰማያዊ ነው። ከሥሩ ዝናቡ እንደ መጋረጃ ተንጠልጥሏል። ሰው ሲያየው "ወይ ጀምበር ስትጠልቅ ስታምር!" ይላል። ጀምበሯ ግን ፎቶው ውስጥ የለችም። ከኋላዬ ናት።

የዛሬው ቪዲዮ ስለዚህ ነው። ቦታው ፍሎሪዳ፣ ኦኪቾቢ ሐይቅ። ካሜራችሁ ውድም ይሁን ርካሽ፣ እዚህ ፎቶውን የሚወስነው በየትኛው ዳር እንደቆማችሁ ነው። ዳሩን ለመምረጥ ደግሞ ሐይቁ ሰማዩን ምን እንደሚያደርገው ማወቅ አለባችሁ።

[ካርታ፦ ፍሎሪዳ። ሐይቁ እንደ ክብ ሰማያዊ ጠብታ ይታያል።]

ኦኪቾቢ የፍሎሪዳ ትልቁ ሐይቅ ነው። ስፋቱ 1,900 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ጥልቀቱ ግን ያስቃል፤ በአማካይ 3 ሜትር እንኳ አይሞላም። ስሙ ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ቋንቋዎች አንዱ ከሆነው ከሂቺቲ የመጣ ሲሆን "ትልቅ ውሃ" ማለት ነው።

መጀመሪያ የሄደ ሰው ግራ ይገባዋል። በመኪና ዳር ዳሩን ይነዳል፣ ይነዳል፤ ሐይቅ የለም። የሚታየው ሣር የለበሰ ረጅም ጉብታ ብቻ ነው። ያ ጉብታ ኸርበርት ሁቨር ዳይክ የሚባለው የአፈር ግድብ ነው። ሐይቁን 230 ኪሎ ሜትር ያህል ይዞራል። እንዲህ የታጠረው ያለ ምክንያት አይደለም። በመስከረም 1928 እ.ኤ.አ. ትልቅ አውሎ ነፋስ መጥቶ ውሃውን ወደ ደቡብ ገፋው። ያኔ የነበረው ዝቅተኛ ግድብ አልቻለውም። ቢያንስ 2,500 ሰው አለቀ። ጥልቀት የሌለውን ውሃ ነፋስ እንዴት እንደሚጫወትበት ያየ ሰው፣ ወጀብ ሲመጣ እዚህ ቦታ ላይ አይጀግንም።

ግድቡ ላይ ስትወጡ ግን ነገሩ ሁሉ ይለወጣል። 10 ሜትር ገደማ ከፍ ትላላችሁ። ከዚያ ከፍታ አድማሱ የሚርቀው 12 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ሐይቁ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር 50 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ስለዚህ ማዶው አይታይም። ተራራ የለ፣ ፎቅ የለ፣ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ብቻ። የቀረው ሁሉ ሰማይ ነው።

[የሳተላይት ምስል፣ ከጠዋት እስከ ማታ በፍጥነት ሲሄድ።]

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ይህ በዝናቡ ወቅት፣ ማለትም ከግንቦት አጋማሽ እስከ ጥቅምት መጀመሪያ፣ በሳተላይት በተደጋጋሚ የሚታይ ነገር ነው። ጠዋት ሰማዩ ባዶ ነው። ወደ እኩለ ቀን ትናንሽ ደመናዎች ምድሩን እንደ ፈንዲሻ ይሞሉታል። ሐይቁ ላይ ግን ምንም የለም። መሐሉ ክፍት፣ ዙሪያው ነጭ። ቀዳዳ ያለው አምባሻ በሉት።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ፀሐይ መሬቱን ቶሎ ታሞቀዋለች፤ ውሃው ግን ቀስ ነው። መሬት ላይ ያለው አየር ሞቆ ይነሳና ደመና ይሆናል። ሐይቁ ላይ ያለው አየር ቀዝቀዝ ስላለ ከበድ ይላል፤ ወደ ታች ተጭኖ ወደ ዳር ይፈስሳል። ይህ የሐይቅ ነፋስ ነው። በሌላ በኩል ከአትላንቲክ አንድ የባሕር ነፋስ ይገባል፣ ከሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ደግሞ ሌላ። ሦስቱ የሆነ ቦታ ላይ ይጋጫሉ። የተጋጩበት አየር መሄጃ ሲያጣ ወደ ላይ ይወጣል። ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ሰማዩን የሚያናውጠው ይኸው ግጭት ነው።

ለፎቶ አንሺ ይህ ማለት ምን ማለት ነው? ከፊታችሁ 50 ኪሎ ሜትር ጥርት ያለ ባዶ ቦታ፣ ከማዶው ደግሞ የተቆለለ ወጀብ። እንዲህ ዓይነት መድረክ በብዙ ገንዘብ አይገኝም።

[ሁለት ቀስቶች በካርታው ላይ።]

ታዲያ የትኛው ዳር? የቀኑን ነፋስ ጠይቁት።

ነፋሱ ከምሥራቅ ከሆነ ደመናውን ወደ ምዕራብ ይገፋዋል። ያኔ ምሥራቅ ዳር ቁሙ፤ ፓሆኪ የምትባለው ትንሽ ከተማ ወይም ከሷ ወደ ሰሜን ፖርት ማያካ። ጀምበሯ ከደመናው ጀርባ ትገባለች። የደመናው ጠርዝ እንደ ብር ክር ይበራል፣ ጨረሩ በስንጥቁ ይወጣል፣ ሁሉም ነገር ጥላ ይሆናል። ፖስት ካርድ ላይ የምታዩት ዓይነት ነው። እውነቱን ለመናገር እኔ ትንሽ ሰልችቶኛል።

ነፋሱ ከደቡብ ምዕራብ ከሆነ ግን ወጀቡ ወደ አትላንቲክ ጠረፍ ይከማቻል። ያኔ ወደ ምዕራብ ዳር ንዱ፤ ክሉዊስተን ወይም ሙር ሄቨን። ፊታችሁን ወደ ምሥራቅ፣ ጀርባችሁን ለጀምበሯ ስጡ። የምሽቱ ብርሃን ከኋላችሁ ተነስቶ ሐይቁን አልፎ ደመናውን ፊት ለፊት ይመታዋል። እያንዳንዱ እብጠት ይታያል። መሐል ላይ ዝናብ ካለ ቀስተ ደመና ትጠብቃላችሁ፤ ጀምበሯ ዝቅ ባለች መጠን ቀስቱ ከፍ ይላል። በመጀመሪያ ያሳየኋችሁ ፎቶ እንዲህ የተነሳ ነው። በምዕራብ ዳር ከፊታችሁ ሰፊ ረግረግ አለ፤ ሣርና ቄጠማ፣ አልፎ አልፎ ነጭ ሳቢሳ። ባዶ ውሃ ብቻ ከሚሆን ለፎቶው እግር ይሰጠዋል።

የነፋሱን አቅጣጫ ትንበያ ይነግራችኋል። ካልሆነም ቀና በሉ። ዝቅ ያሉት ደመናዎች ወዴት እየሄዱ ነው? በቃ፣ ወጀቡም ወደዚያው ነው።

[ምስል፦ በጉም የተሸፈነ ሌንስ፣ በጣም ቅርብ።]

እዚህ ላይ አንድ ጉዴን ልንገራችሁ። አንድ ቀን ሁሉንም በትክክል አስልቼ ሄድኩ። ዳሩ ልክ፣ ነፋሱ ልክ፣ ሰዓቱ ልክ። ካሜራው በጉዞው ሁሉ ጎኔ ወንበር ላይ፣ የመኪናው ማቀዝቀዣ ፊት ለፊት ተቀምጧል። ግድቡ ላይ ወጥቼ ሳወጣው ሌንሱ በአንድ ትንፋሽ ነጭ ሆነ። ወበቁ ነው። ቀዝቃዛ መስታወት እርጥብ አየር ሲያገኝ ላብ ያልበዋል። ጠረግኩት፤ ተመለሰ። ደግሜ ጠረግኩት፤ አሁንም ተመለሰ። ሸሚዜ ሲያልቅ ጀምበሯም አለቀች። አሁን ቦርሳውን ማቀዝቀዣው የማይደርስበት ኋላ እጭነዋለሁ። ስደርስ ደግሞ ዚፑን ሳልከፍት ግማሽ ሰዓት ያህል ውጭ አቆየዋለሁ። መስታወቱ ከአየሩ ጋር ከተላመደ አያልበውም።

[ምስል፦ ጀምበር በውሃው ጠርዝ ላይ።]

ጀምበሯን ራሷን ማንሳት ለሚፈልግ ሰው፣ ጊዜው አጭር ነው። የታችኛው ጠርዟ አድማሱን ከነካበት እስክትሰወር 2 ደቂቃ ተኩል ገደማ ነው። በስልክ ካነሳችኋት ነጥብ ትሆናለች። በ400 ሚሊሜትር ሌንስ ደግሞ የሙሉ ፍሬም ካሜራን ወርድ አንድ አሥረኛ ትይዛለች። ካሜራው ብርሃኑን ሲለካ ይሸወዳል፤ ጨለማውን ለማሳየት ብሎ ሰማዩን ያቃጥለዋል። አንድ ወይም ሁለት ስቶፕ (የብርሃን መለኪያ ደረጃ) አጨልሙት፤ በሮው፣ ማለትም ካሜራው ምስሉን ሳያቀናብር በሚያስቀምጥበት ፋይል፣ አንሱ። ስልክ ከሆነ ብሩህ ቦታው ላይ ጣታችሁን አቆዩና ወደ ታች ሳቡት። ባለ መስታወት ካሜራ (ዲኤስኤልአር) የያዛችሁ ደግሞ በመመልከቻው ቀዳዳ ጀምበሯን በቀጥታ አትዩ። ሌንሱ ዓይናችሁ ላይ ያከማቻታል።

ብዙ ሰው "አቧራ ሲበዛ ምሽቱ ይደምቃል" ይላል። እዚህ ሐይቅ ላይ ተቃራኒውን ታያላችሁ። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባለው ጊዜ ከሰሃራ የተነሳ አቧራ አትላንቲክን አቋርጦ ፍሎሪዳ ይደርሳል። በዚያን ቀን ደመናው ራሱ አያድግም፤ ሰማዩም ወተት የፈሰሰበት ይመስላል። የምሽት ቀይ የሚመጣው ብርሃኑ ረጅም የአየር መንገድ ሲያቋርጥ ሰማያዊው በየአቅጣጫው ተበትኖ ስለሚቀር ነው። ለዚህ ንጹህ አየር ይበቃል። ትልልቅ ብናኝ ሲገባበት ቀለሙን ያደበዝዘዋል። ከጥቅምት ጀምሮ እስከ ጸደይ ድረስ ደግሞ በደቡብ በኩል የሸንኮራ አገዳ ማሳ ከመታጨዱ በፊት ይቃጠላል። ጭሱ ጀምበሯን የጋለ ሳንቲም ያስመስላታል፤ ዙሪያዋን ግን ያቆሽሸዋል።

ጥርት ያለ ቀለም ከፈለጋችሁ ዝናብ አባርቶ አየሩ የታጠበበትን ምሽት ጠብቁ።

[ምስል፦ ጥቁር የደመና ግንብ፣ ከሥሩ አቧራና ወጨፎ።]

አሁን ቀልድ የሌለበት ክፍል። ፍሎሪዳ በአሜሪካ መብረቅ ከሚበዛባቸው ቦታዎች ግንባር ቀደሟ ናት። እናንተ የቆማችሁት ደግሞ በሜዳ መሐል ብቻውን ከፍ ያለ፣ ዛፍ የሌለበት ግድብ ላይ ነው። እጃችሁ ላይ የብረት የካሜራ ማቆሚያ አለ። መብረቅ ከዝናቡ 15 ኪሎ ሜትር ርቆም ሊወርድ ይችላል፤ አናታችሁ ላይ ሰማዩ ሰማያዊ ሆኖ እያለ ማለት ነው።

ስለዚህ ነጎድጓዱ ከተሰማ ውረዱ። ብልጭታውን አይቶ መቁጠር ይቻላል፤ 3 ሴኮንድ አንድ ኪሎ ሜትር ነው። ግን መቁጠሩ ለማወቅ እንጂ ለመቆየት ሰበብ አይሁን። ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ 30 ደቂቃ ጠብቁ። መጠለያችሁ ጣሪያው ብረት የሆነ መኪና ነው፣ መስኮቱ ተዘግቶ። የሽርሽር ዳስ አይጠቅምም።

ከሰማዩ በፊት ሰውነታችሁ የሚነግራችሁም ነገር አለ። ሲያፍናችሁ የቆየው ወበቅ ድንገት ይቆረጣል። ፊታችሁን ቀዝቃዛ ነፋስ ይመታዋል፣ የዝናብ ሽታ ይዞ። ውሃው ላይ ጥቁር መስመር ወደ እናንተ ሲሮጥ ታያላችሁ። ያ ከደመናው ሥር የወረደ ቀዝቃዛ አየር ነው፤ ወጨፎው ከኋላው አለ። "አንድ ፎቶ ብቻ" የምትሉበት ሰዓት ይህ ነው። አትበሉ። መኪና ውስጥ ሆናችሁ ሌንሱን መስታወቱ ላይ ለጥፉት፤ ዙሪያውን በጥቁር ጨርቅ ሸፍኑት፤ ሞተሩን አጥፉ። ጥሩ ፎቶ ይወጣል።

እግረ መንገዴን፦ ውሃው ዳር አትውረዱ። ቦዮቹ ውስጥ አሊጌተር የሚሉት አዞ አለ። በሙቀቱ ወራት የሚመጣው አረንጓዴ ቅባት መሳይ ነገር ደግሞ መርዝ ሊኖረው ይችላል።

[ምስል፦ ሐምራዊ ሰማይ። ከፍ ብሎ የመስፍ ቅርጽ ያለው ደመና።]

ጀምበሯ ጠለቀች። ሰዉ የካሜራ ማቆሚያውን ያጥፋል፣ መኪናዎች ይነሳሉ። እናንተ ግን ቆዩ። የነጎድጓድ ደመና አናቱ እንደ አንጥረኛ መስፍ ተዘርግቶ 12 ኪሎ ሜትር እና ከዚያም በላይ ከፍ ይላል። እናንተ ጋ ስትጠልቅ እዚያ ላይ ገና ናት። ሩብ ሰዓት ያህል ብርሃኑን እንደያዘ ይቆያል፤ መጀመሪያ ወርቃማ፣ ከዚያ የብርቱካን ልጣጭ፣ በመጨረሻም እንደ ፍም። ምድሩ ጨልሞ አናቱ የበራበት ያ ሩብ ሰዓት ለእኔ ከቀኑ ሁሉ ይበልጣል።

ከዚያ መብረቁ ራሱ መብራት ይሆናል። ወጀቡ ርቆ አትላንቲክ ላይ ከሄደና ነጎድጓዱ ከቶ የማይሰማ ከሆነ ካሜራውን በማቆሚያው ላይ አቁሙ። አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 200፣ ኤፍ (የሌንሱ ቀዳዳ) 5.6፣ ሹተሩ (መዝጊያው) 20 ሴኮንድ ክፍት። ፎከሱን ሩቅ ያለ መብራት ላይ አስተካክሉና ወደ ማኑዋል መልሱት፤ አለዚያ በጨለማ ሲፈልግ ያድራል። ሹተሩን በሪሞት ቆልፉት፣ ያለማቋረጥ ያንሳ። መብረቁን ለማሳደድ አትሞክሩ፤ ጣታችሁ አይደርስበትም። ካሜራው በር ከፍቶ ይጠብቀው።

[ምስል፦ የመጨረሻው ፎቶ። ደመናው ከውስጥ በርቶ፣ ውሃው ላይ ሐመር ብርሃን።]

ይህ ከምሽቱ 3 ሰዓት አካባቢ የተነሳ ነው። ድምፅ የለውም። ደመናው እንደ ፋኖስ ከውስጡ ብልጭ ይላል፣ ይጠፋል። ግራ ጥግ ላይ የምታዩት ብዥ ያለ ነጥብ ኮከብ አይደለም፤ ትንኝ ነው። ይህ ሐይቅ የማይናከስ ትንኝ በደመና የሚያመርት ሐይቅ ነው፤ የእጅ ባትሪ ካበራችሁ ሁሉም እናንተ ጋ ይመጣል። ካሜራው 20 ሴኮንድ ይቆጥራል፤ እኔ በኮፍያዬ ትንኝ አባርራለሁ።