አንገቱን በሳሙና አትፈትጉት

የተከበራችሁ ወላጆችና መምህራን፣ እንደምን ዋላችሁ፣ አካም ጂርቱ።

የአንዳንድ ልጆች አንገትና ብብት ይጠቁራል፣ ቆዳውም ይወፍራል። እናት እድፍ መስሏት በሳሙና ትፈትገዋለች፤ አይለቅም። ብዙ ጊዜ ይህ ሰውነት ለኢንሱሊን፣ ማለትም የደም ስኳርን ለሚቆጣጠረው ሆርሞን፣ አልታዘዝ ሲል ቆዳ ላይ የሚወጣ ምልክት ነው። በባዶ ሆድ የተለካው የደም ስኳር ከ100 እስከ 125 ሚሊግራም በዴሲሊትር ከሆነ ልጁ የስኳር በሽታ ስጋት ላይ ነው እንጂ ገና ሕመምተኛ አይደለም። ከዚህ መመለስ ይቻላል።

የምንሳሳተው ከውጤቱ ማግስት ነው። «አንተ ሆዳም፣ ስኳር ሊይዝህ ነው!» የተባለ ልጅ መብላት አያቆምም፤ ገበታ ላይ ይግደረደርና ሰው ሲተኛ ድስት ይከፍታል። በስፖርት ክፍለ ጊዜ «ሆዴን አመመኝ» ሲልም ሁልጊዜ ስንፍና አይደለም፤ ቁምጣ ለብሶ መታየት አሳፍሮት ሊሆን ይችላል። መምህራን፣ እባካችሁ ልጆችን በክፍል ፊት አትመዝኑ።

«ከአመጋገብህና ከእንቅስቃሴህ የትኛውን መለወጥ ይቀልሃል?» ብላችሁ ጠይቁት። ራሱ አንድ ነገር ይምረጥ፤ አንድ ብቻ፣ ለ2 ሳምንት። ለስላሳ መጠጥን መረጠ እንበል። 300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ውስጥ 30 ግራም ያህል ስኳር፣ ማለትም ወደ 7 የሻይ ማንኪያ አለ። «እተዋለሁ» ማለት ብቻውን አይበቃም። «ከትምህርት ቤት ስንወጣ ጓደኞቼ ለስላሳ ሲገዙ እኔ ውኃ እገዛለሁ» ይበል፤ ሰዓቱም ቦታውም ይታወቅ። አንድ ቀን መሳቱ አይቀርም። ያኔ ቁጣውን ትታችሁ «ያን ቀን ምን ነበር?» በሉት። ከጀርባው ፈተና፣ ጠብ ወይም እንቅልፍ ማጣት ይገኝ ይሆናል። በአሥራዎቹ ዕድሜ ላለ ልጅ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት ያህል መተኛት ያስፈልጋል።

ቤተሰቡ እንደ ድሮው እየበላና እየጠጣ ልጁን ብቻ መከልከል ቅጣት ነው። ጅማ ላይ ቡና ያለ ስኳር ማቅረብ እንግዳ ማስቀየም ይመስል ይሆናል፤ እንግዲያው ስኳሩ ለብቻው ይቅረብ፣ የፈለገ ይጨምር። የባጃጁን ነገር ተዉትና አብራችሁት በእግር ሂዱ። በቀን 60 ደቂቃ መንቀሳቀስ አለበት፤ ተከፋፍሎ ቢሆንም ይቆጠራል። ቅዳሜ ደግሞ የጅሬን አቀበት አለላችሁ። ስታመሰግኑት «ከሳህ» ሳይሆን «ዛሬም በእግርህ መጣህ» በሉት።

ልጁ አዝኖ ሐዘኑ ከ2 ሳምንት ካለፈ፣ ከጓደኞቹ ከራቀ፣ የጤና ባለሙያ ይየው። «ብሞት ይሻለኛል» ካለ ብቻውን አትተዉት፤ በዚያው ቀን ውሰዱት። ውኃ ጥሙና ሽንቱ በዝቶ ከከሳም ስኳሩ ዛሬውኑ ይለካ፤ ሰኞን አትጠብቁ።