ጎማ ያለው ሁሉ ዝም ብሎ ይነሣል?

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ከረማችሁ! ዛሬ እንግሊዝ ነን። ይቅርታ፣ ብሪታንያ ልበል፤ ዌልስም ስለምንገባ ኮመንት ላይ እንዳትጨርሱኝ።

ጉዳያችን ተዘዋዋሪው ፈንፌር ነው። ተጋጪ መኪናው፣ ዙሪያውን የሚሽከረከረው የእንጨት ፈረስ፣ የጥጥ ከረሜላው፤ መጥቶ፣ ሰንብቶ፣ ተጣጥፎ የሚሄደው። በባሕር ጠረፍ ከተሞች የት ይተከላል? ብዙ ጊዜ ባሕሩ ፊት ባለ ሜዳ ወይም መኪና ማቆሚያ ላይ። ከተማው ይልማ ሲባልስ መጀመሪያ ዓይን የሚያርፈው የት ነው? እዚያው! ባዶ ይመስላላ። ባሕር የሚያሳይ አፓርታማ የሚያምርበት ቦታ ነው።

አሁን ምሳሌዬን ስሙኝ፣ በጣም ነው የምወዳት። የቅዳሜ ገበያ አስቡ። በርበሬ የሚሸጡ አንዲት እናት አሉ፤ መደባቸው ግራሯ ሥር። ካርታ አላቸው? የላቸውም። ሊዝ? የምን ሊዝ! ግን እዚያች ቦታ ላይ ሌላ ሰው ጆንያ ያንጥፍ እስቲ፣ ገበያው በሙሉ ነው የሚነሣበት። ለቅሶ ደርሰው ቢቀሩ እንኳ ሽንኩርት ሻጯ ጎረቤታቸው ድንጋይ አስቀምጣ ትጠብቅላቸዋለች። ሲደክሙ ልጃቸው ትቀመጣለች፤ «ማን ፈቀደልሽ» የሚላት የለም። እሺ? አንድ ቀን ማዘጋጃ ቤቱ መጥቶ «ሜዳው ለልማት ይፈለጋል» ይላል። ባለካርታዎቹ ለካሳ ይሰለፋሉ። እሳቸውስ? ድንጋዩን ይዘው ይሰለፉ?

ሾውመኖቹ፣ ማለትም የፈንፌር ቤተሰቦቹ፣ ልክ እንደዚያ ናቸው። ማኅበራቸው እ.ኤ.አ. በ1889 የተመሠረተው በተንቀሳቃሽ ቤት የሚኖሩትን ሊቆጣጠር የመጣ ረቂቅ ሕግ ለመቃወም ነው። በደንቡ መሠረት ፈንፌር ላይ ቦታ የያዘ አባል ቦታው ይከበርለታል፣ ለቤተሰቡም ያልፋል። ደንቡ ግን አባላቱን እንጂ ባለመሬቱን አያስርም። በቃ፣ ቴክኒካሉ ይኸው ነው፣ እንለፍ።

ልለፍ ብል ግን አታሳልፉኝም! «ጎማ አላቸው አይደል፣ ለምን ሌላ ቦታ አይሄዱም?» ስንት ሰው ጻፈልኝ መሰላችሁ። እሺ ይሂዱ፤ የት? በዚያው ሳምንት የሚቀጥለው ከተማ ሜዳ የሌላ ቤተሰብ መደብ ነው። ዓመቱ ተሸንሽኖ አልቋል፦ የኪንግስ ሊን ከተማ ፈንፌር በፌብሩዋሪ 14 ይከፍታል፣ የሀል ከተማው በኦክቶበር፣ መሐሉም እንዲሁ ሙሉ ነው። ሜዳ ሁሉ ደግሞ ሜዳ አይደለም። ከባድ መኪና የማይሰምጥበት፣ ደልዳላ፣ ሰው በእግሩ የሚደርስበት መሆን አለበት። ከከተማ ውጭ በቆሎ ማሳ ላይ ተጋጪ መኪና ማን ሊጋጭ ይመጣል? ላሞቹ? ክረምቱንስ፣ የፈረንጆቹን የብርድ ወቅት? ማሽኑን የሚጠግኑበት፣ ቀለም የሚቀቡበት፣ ልጆች ትምህርት ቤት የሚውሉበት ግቢ አላቸው፤ ግላስጎው ውስጥ ብዙ ነው። እሱም ልማት ይደርስበታል። «ቤት የላቸውም» የምትሉኝ፣ ቤታቸው ነው የሚፈርሰው!

ሕጉ የሚያዝነው መሬት ላይ ለተቸነከረ ነገር ነው። ለንደን ያላችሁ የባሕር ጠረፍ ከተማዋን ማርጌትን ታውቃላችሁ። እዚያ ድሪምላንድ በሚባለው የመዝናኛ መናፈሻ ውስጥ ያለው ሽቅብ ቁልቁል የሚሮጥ የእንጨት የመጫወቻ ባቡር፣ ሲኒክ ሬይልዌይ፣ እ.ኤ.አ. በ1920 የተከፈተ ነው። እንደዚያው በፈረንጆቹ በ2002 በቅርስነት ተመዘገበ፣ በ2008 እሳት በላው፣ ሆኖም የአካባቢው ምክር ቤት ቦታውን በግዴታ ገዝቶ መናፈሻው በ2015 ተከፈተ። ዌልስ፣ ፖርትኮል ከተማ ያለው የመዝናኛ መናፈሻ ኮኒ ቢች ግን ከመቶ ዓመት በኋላ በኦክቶበር 2025 ተዘጋ፤ መሬቱ ለመኖሪያ ቤት ተፈለገ። እነዚህ እንግዲህ ቋሚዎቹ ናቸው። በመኪና ተጭኖ የሚመጣውን ማን በቅርስነት ይመዘግብለታል? ሰሌዳ ቁጥሩን?

እኔ ልማት አልቃወምም፤ የጠረፍ ከተሞቹ ቤት ያስፈልጋቸዋል። ግን ፕላኑ ላይ «ይህች ቦታ ክፍት ትቆይ፣ በዓመት እነዚህን ሳምንታት ለፈንፌር» ብሎ መጻፍ ስንት ብር ያስወጣል? ደግሞም ከፈንፌሩ አጠገብ አፓርታማ ገዝቶ «ሙዚቃው ረበሸኝ» ብሎ የሚከስ ሰው፣ ይቅር ይበለኝ፣ አይገባኝም።

ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አድርጉ፣ ደወሏንም ተጫኗት። በሚቀጥለው የእርሻ ማሽን ሲሠራ ቆይቶ የእንጨት ፈረሶችን በእንፋሎት ስላሽከረከረው ስለ ኪንግስ ሊኑ ፍሬድሪክ ሳቬጅ እናወራለን። «ፈረስ እያለ የእንጨት ፈረስ ለምን?» የሚል ካለ ከአሁኑ ይጻፍልኝ።