የተበላሸ ፋይል ሲመጣ ላይብረሪያችን ምን ያድርግ? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

በዛሬው ክፍለ ጊዜ ስልኩን ያጨናነቀው አንድ ጉዳይ ነው፦ ዳታ ፋይል የሚያነብ ላይብረሪ (ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጠሩት ዝግጁ ኮድ) የምንጽፍ ሰዎች፣ ፋይሉ እንደጠበቅነው ካልሆነ ምን እናድርግ? ከገቡት ጥያቄዎች የቻልኩትን ያህል መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሲኤስቪ (አምዶቹ በኮማ የተለያዩ የጽሑፍ ፋይል) የሚያነብ ትንሽ ላይብረሪ ጽፌያለሁ። የተበላሸ መስመር ሲያገኝ ስክሪን ላይ መልእክት ጽፎ ፕሮግራሙን ይዘጋዋል። የሥራ ባልደረባዬ «ይሄማ ነውር ነው» አለኝ። ያን ያህል ነው?

መልስ፦ ያን ያህል ነው። ላይብረሪ በሰው ፕሮግራም ውስጥ እንግዳ ነው። እንግዳ ወንበሩ አልተመቸኝም ብሎ ባለቤቶቹን አስወጥቶ ቤቱን አይቆልፍም። ላይብረሪዎን የሚጠቀመው ፕሮግራም በዚያች ደቂቃ መቶ ሰው እያስተናገደ ያለ ሰርቨር ሊሆን ይችላል። የአንዱ ፋይል ስለተበላሸ ዘጠና ዘጠኙ ምን አጠፉ? ስክሪን ላይ መጻፉም አይረባም፤ ሰርቨር ፊት ተቀምጦ ስክሪን የሚያይ ሰው የለም። ስህተቱን ለጠራዎት ኮድ ይመልሱለትና እሱ ይወቅበት።

ሲመልሱ ደግሞ በደንብ ይንገሩት። «ስህተት ተፈጥሯል» ብሎ ነገር የለም። «መስመር 4,812፣ አምድ 7፤ ቁጥር ይጠበቅ ነበር፣ የተገኘው 12..5 ነው» ቢሉት፣ ሰውየው ነጥቡ ሁለቴ እንደተነካ ፋይሉን ሳይከፍት ያውቃል።

በነገራችን ላይ፣ በሲ ቋንቋ የምትሠሩ ሰዎች፣ ጽሑፍን ወደ ቁጥር የሚቀይረውን ኤ-ቱ-አይ (atoi) የሚባል ፋንክሽን ለዚህ ሥራ እርሱት። «ጠረጴዛ» የሚል ቃል ብትሰጡት 0 ይላችኋል። እውነተኛ 0 ስትሰጡትም 0። የቱ የቱ እንደሆነ በምን ይለያል? ስትር-ቱ-ኤል (strtol) የሚባለው ግን የት ላይ ማንበብ እንዳቆመ ይነግራችኋል።

ጥያቄ፦ ከአንድ ሚሊዮን መስመር አንዷ ብትበላሽ ልቁም ወይስ ልዝለላት?

መልስ፦ እሱን የሚወስነው ላይብረሪውን የሚጠቀመው ሰው ነው። የሙቀት ልኬት ለሚሰበስብ ሰው አንድ መስመር ብትጎድል ብዙም አይደንቀው። ደመወዝ ለሚያሰላ ግን ያቺ መስመር የአንድ ሰው የወር ገቢ ናት። ምርጫውን ይስጡት፤ ምንም ካልመረጠ ግን ዲፎልቱ መቆም ይሁን። መዝለል ከመረጠም ስንት መስመር እንደተዘለለና የትኞቹ እንደሆኑ ያስረክቡት። ዝም ብሎ የሚዘልል ላይብረሪ ገጥሞኝ ያውቃል። ድምሩ ለምን እንዳልገጠመ ለማወቅ ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል።

ወጥመዱ ሌላ ነው። «የተበላሸችው መስመር» የምንላት ሁልጊዜ አንድ መስመር አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው የሲኤስቪን አጻጻፍ የሚገልጽ ሰነድ፣ አርኤፍሲ 4180፣ በጥቅስ ምልክት በታጠረ አምድ ውስጥ አዲስ መስመር መጀመርን ይፈቅዳል። እንግዲህ መስመር 300 ላይ ጥቅስ ተከፍቶ ሳይዘጋ ቀረ እንበል። ፓርሰሩ (ፋይሉን የሚተነትነው ኮድ) ሌላ ጥቅስ እስኪያገኝ ድረስ ከፊቱ ያለውን ሁሉ እንደ አንድ አምድ ይውጠዋል። ካላገኘም እስከ ፋይሉ መጨረሻ። ከዚያ «መስመር 1,000,000 ላይ ስህተት አለ» ይላል። ሰውየው የመጨረሻዋን መስመር አፍጥጦ ያያታል፤ ምንም አልሆነችም። ስለዚህ ጥቅስ በተከፈተ ቁጥር የመስመሩን ቁጥር ይያዙ። መልእክቱም «መስመር 300 ላይ የተከፈተው ጥቅስ አልተዘጋም» ይሁን። ለአንድ አምድ ርዝመትም ጣሪያ ያብጁለት፤ የፓይተን ቋንቋ የሲኤስቪ ሞጁል ካልቀየሩት በቀር ጣሪያው 131,072 ካራክተር ነው።

ጥያቄ፦ ተማሪ ነኝ። ፓርሰሬ ትንሽ የአማርኛ ፋይል ላይ ይሠራል። ትልቅ ስሰጠው ግን «የዩቲኤፍ-8 (ፊደልን በባይት የመጻፊያ ሥርዓት) ስህተት» ይላል፤ ፋይሉ ደግሞ ደህና ነው። ስህተቱን እንዲያልፈው ሳደርግ አልፎ አልፎ ፊደል ይጎድላል።

መልስ፦ ጎበዝ፣ መጉደሉን ማየትሽ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ፋይሉን በ4,096 ባይት እየቆራረጥሽ ነው የምታነቢው ብዬ ልገምት። አንድ የአማርኛ ፊደል በዩቲኤፍ-8 3 ባይት ይወስዳል። ክፍት ቦታ የሌለው ጽሑፍ ነው ብለን ብናስብ፣ 4,096 ለ3 ሲካፈል 1,365 ደርሶ 1 ይተርፋል። ያቺ የተረፈች ባይት የ1,366ኛው ፊደል ጭንቅላት ናት። የቀረው አካሉ በሚቀጥለው ቁራጭ ውስጥ ነው ያለው። አንቺ ጭንቅላቱን ብቻ አየሽና «ተበላሽቷል» አልሽ።

ያልተሟላና የተበላሸ ለየቅል ናቸው። የተረፉትን ባይቶች ያዢያቸውና ከሚቀጥለው ቁራጭ ፊት አድርጊያቸው። ፋይሉ አልቆ ተከታይ ከታጣ፣ ያኔ ስህተት በይው። ፓይተን ከሆነ የምትሠሪው፣ ኢንክሪመንታል ዲኮደር የሚባለው ይሄንኑ ይሠራልሻል።

ጥያቄ፦ የምናነባቸውን ፋይሎች የምናመርተው ራሳችን ነን። ሀከር በሌለበት ይሄ ሁሉ ፍተሻ አልበዛም?

መልስ፦ እ.ኤ.አ. ጁላይ 19 ቀን 2024 የሆነውን ያስታውሱ። 8.5 ሚሊዮን ገደማ የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች ሰማያዊ ስክሪን ይዘው ቀሩ። ያወደቃቸውን የማሻሻያ ፋይል የላከው ሀከር አልነበረም፤ የደህንነት ሶፍትዌሩ ባለቤት ክራውድስትራይክ ራሱ ነው። ኩባንያው በኋላ እንዳብራራው፣ የሶፍትዌሩ አንደኛው ክፍል 21 ግቤት ይጠብቃል፤ የሚቀርብለት 20 ብቻ ነበር። 21ኛውን ላንብብ ሲል ከተፈቀደለት ሜሞሪ ወጣ። ቁጥሩን የሚያመሳክር ፍተሻ እዚያ ቦታ ላይ አልነበረም።

ፋይል ስለ ራሱ የሚናገረውን ደግሞ ሳያረጋግጡ አይቀበሉት። ራስጌው (የፋይሉ መግቢያ) «65,536 ረድፍ አለኝ፣ እያንዳንዱ 65,536 ባይት ነው» ይላል እንበል። በ32 ቢት ኢንቲጀር ሲያባዙት መልሱ ኢንቲጀሩ ከሚይዘው በላይ ስለሆነ ዞሮ 0 ይመጣል። ፕሮግራምዎ 0 ባይት ሜሞሪ ይጠይቅና ረድፎቹን እዚያ ላይ መጻፍ ይጀምራል። ማን ላይ እንደሚጽፍ ፈጣሪ ይወቅ! ከማባዛትዎ በፊት ውጤቱ ይያዝ እንደሆነ ይፈትሹ። ከዚያም የፋይሉን ቀሪ ባይት ይዩ፤ 200 ባይት ብቻ ከቀረ ያ ሁሉ ረድፍ ከየት ይመጣል?

ኤክስኤምኤል በሚባለው የዳታ ፋይል ዓይነት ላይ «ቢሊየን ላፍስ» የሚባል አሮጌ ተንኮል አለ። 1 ኪሎባይት የማይሞላ ፋይል ውስጥ አንዱ ስም ሌላውን አሥር አሥር ጊዜ እየጠራ ሲዘረጋ ወደ 3 ጊጋባይት ይደርሳል። ጄሰን በሚባለው ሌላ ዓይነት ላይም አንድ መቶ ሺህ ቅንፍ ተከፍቶ ቢመጣ፣ ራሱን እየጠራ የሚሠራ ፓርሰር ስታኩ (ያላለቁ ጥሪዎችን የሚይዝበት ሜሞሪ) ሞልቶ ይወድቃል። ለሁለቱም ጣሪያ ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ የተበላሸውን መስመር እንዳለ ሎግ (የፕሮግራሙ ማስታወሻ መዝገብ) ላይ ልጻፈው?

መልስ፦ እንዳለ አይሁን። የሰው የግል መረጃ ሊኖርበት ይችላል። አዲስ መስመር የሚጀምር ምልክት ካለበትም ሎግዎ ላይ የሐሰት መስመር ይፈጥራል። አጠር አድርገው፣ እንዲህ ያሉትን ምልክቶች በሚታይ መልክ ቀይረው ይጻፉት።

ጥያቄ፦ ይሄን ሁሉ እንዴት ነው የምሞክረው?

መልስ፦ የዘፈቀደ ግቤት እያጎረሱ ፕሮግራም መፈተን፣ ማለትም ፈዚንግ፣ እ.ኤ.አ. በ1988 በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ባርተን ሚለር ለተማሪዎቹ የሰጠው የቤት ሥራ ነበር። ተማሪዎቹ በፈተኗቸው የዩኒክስ ፕሮግራሞች ላይ ከሩብ እስከ ሲሶ የሚሆኑትን ክራሽ አስደርገዋል። ዛሬ ዝግጁ መሣሪያዎች ስላሉ ይጠቀሙባቸው።

እኔ ግን ከዚያ በፊት የማደርጋት ቀላል ነገር አለች። 2,000 ባይት የሆነ ጤነኛ ፋይል እወስድና በየባይቱ እቆርጠዋለሁ፤ 0 ባይት፣ 1 ባይት፣ 2 ባይት እያልኩ እስከ 1,999። አንድ ፋይል 2,000 የተበላሹ ፋይሎች ወለደ ማለት ነው። አንዳቸውም ክራሽ ማድረግ የለባቸውም፤ ሜሞሪም ሳይመለስ መቅረት የለበትም።

ሲኤስቪ ላይ ሲሞክሩት ግን አንድ የሚያስደነግጥ ነገር ያያሉ። የመጨረሻው መስመር በ1500 ያልቅ ነበር እንበል። ሁለት ባይት ሲቆረጥ 15 ይሆናል። ፓርሰሩ ያለ ምንም ቅሬታ ያነበዋል። 15 እኮ ደህና ቁጥር ነው! ይሄን ፓርሰሩ ብቻውን አይደርስበትም። የፋይሉን አሠራር የሚወስኑት እርስዎ ከሆኑ፣ መጨረሻው ላይ የረድፎቹን ብዛትና ቼክሰም (ከይዘቱ የሚሰላ ማረጋገጫ ቁጥር) የያዘ መዝጊያ መስመር ይጨምሩበት።