ቀፎው ባዶ ሲገኝ፣ ግጦሹ ሲደርቅ፦ በአሜሪካ ለሚኖሩ አርቢዎችና ንብ አናቢዎች የተሰጠ መልስ

ጥያቄ፦ ከኮሎራዶ የደወሉ አድማጭ ማር ለገበያ ከሚያመርቱባቸው 40 ቀፎዎች 22ቱን ክረምቱ ሲወጣ ባዶ ሆነው እንዳገኟቸው ነግረውን፣ የመንግሥት ድጋፍ ይደርሰኝ እንደሆነ ንገሩኝ ብለዋል።

መልስ፦ የእርስዎን ጉዳይ የሚመለከተው በአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ሥር ያለው የእርሻ አገልግሎት ኤጀንሲ የሚያስተዳድረው፣ በምህጻር ኢላፕ የሚባለው ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙ የጠፋውን ሁሉ አይተካም። በዓመት 15 በመቶ የሚሆነው ኅብረ ንብ (በአንድ ቀፎ አብሮ የሚኖር የንብ መንጋ) ቢሞት የተለመደ ነው ተብሎ ስለሚቆጠር፣ ከጠፉት 22 ላይ የ40ዎቹ 15 በመቶ የሆኑት 6ቱ ይቀነሱና ለ16ቱ ከአማካይ የገበያ ዋጋ 75 በመቶ ይታሰባል፤ ሥራውን በቅርቡ ለጀመሩ፣ ገቢያቸው ውስን ለሆነና ከውትድርና ለተሰናበቱ ገበሬዎች ግን ስሌቱ ከፍ ይላል።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን የጉዳቱ ምክንያት ተቀባይነት ሲያገኝ ነው። ጎርፍ፣ ብርቱ ነፋስና የክረምት ውሽንፍር ተቀባይነት አላቸው፤ የኅብረ ንብ ድንገተኛ መፍረስም እንዲሁ። አገር ቤት ንብ ያነቡ አድማጮቻችን ባዶ ቀፎ ሲያዩ «ንቡ ኮበለለ» ማለታቸው የተለመደ ነው፤ እዚህ ላይ ግን ልዩነቱን መለየት ያስፈልጋል። በድንገተኛ መፍረስ ሠራተኞቹ ንቦች በፍጥነት ሲመናመኑ በቀፎው ያሉት እጮች ያለ ጠባቂ ይቀራሉ፣ በቀፎው ውስጥም ሆነ በዙሪያው የሞተ ንብ አይታይም፣ የሌላ ቀፎ ንቦችም የተረፈውን ማር አይዘርፉም። ከዚህ በተጨማሪ ቫሮዋ የተባለው የንብ ተባይ ጉዳት በሚያደርስ መጠን አለመገኘቱ ከምልክቶቹ አንዱ ስለሆነ፣ የተባይ ቆጠራ መዝገብ መያዝ ግድ ይላል። በ2025 መጀመሪያ ላይ የአገሪቱ ትልልቅ ንብ አናቢዎች በአማካይ ከ60 በመቶ በላይ ኅብረ ንባቸውን ባጡ ጊዜ፣ የሚኒስቴሩ ተመራማሪዎች በምርመራቸው ያገኙት ቫይረሶችንና መድኃኒት የተላመደ ቫሮዋን ነበር። ቆጠራውን ችላ ማለት የማይገባው ለዚህ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ ግን ንቦቹ አልቀውበት ቀፎዎቹን አስቀድሞ ባለማስመዝገቡ ብቻ ባዶ እጁን የሚመለስ ሰው ነው። የቀፎ ብዛትና ቦታ በየዓመቱ እስከ ጃንዋሪ 2 ለኤጀንሲው የካውንቲ ጽሕፈት ቤት መገለጽ አለበት፤ ብዛቱ ወይም ቦታው ሲለወጥም በ30 ቀናት ውስጥ ማሳወቅ ያስፈልጋል። የክፍያ ማመልከቻው የሚቀርበው ጉዳቱ ከደረሰበት ዓመት ቀጥሎ እስካለው ማርች 1 ቢሆንም፣ ባዶዎቹን ቀፎዎች ሳያጸዱ ፎቶግራፍ አንሥተው በዚያው ሳምንት ቢያመለክቱ እመክራለሁ።

ጥያቄ፦ በቴክሳስ ፍየል የሚያረቡ አድማጭ ድርቁ ግጦሹን እንዳደረቀባቸውና ውኃ በቦቴ እያመላለሱ እንደሆነ ገልጸዋል።

መልስ፦ የእርስዎ ጉዳይ ሁለት ፕሮግራሞችን ይነካል። ለግጦሹ ኤልኤፍፒ የሚባለው አለ፤ በየሐሙሱ በሚወጣው የድርቅ ካርታ ላይ ካውንቲዎ በግጦሽ ወቅት ዲ3 የሚባለው እጅግ ከባድ የድርቅ ደረጃ ከደረሰ የሦስት ወር ክፍያ ይገባዎታል፤ የአንድ ወሩ መጠንም ከወርኃዊ የመኖ ወጪ 60 በመቶ ነው። ውኃ ማመላለሱ ደግሞ በኢላፕ በኩል የሚታይ ሲሆን፣ የሚሸፈነው ከወትሮው በላይ የሆነው ብቻ ነው፤ ድርቅ ኖረም አልኖረ በየዓመቱ ውኃ የሚያመላልስ ሰው አይመለከተውም። ስለዚህ የእያንዳንዱን ጉዞ ቀን፣ የውኃውን መጠንና ደረሰኙን በደብተር ያስፍሩ።

ጥያቄ፦ «ዜግነት የለኝም፣ ግሪን ካርድ ብቻ ነው ያለኝ» ያሉ አድማጭም አሉ።

መልስ፦ ቋሚ ነዋሪ ከሆኑ ዜግነት አለመያዝዎ አይከለክልዎትም። እንግሊዝኛ የሚያስቸግርዎ ከሆነም በካውንቲው ጽሕፈት ቤት ያለ ክፍያ አስተርጓሚ እንዲመደብልዎ መጠየቅ ይችላሉ፤ ቀጠሮ ሲይዙ ይህንኑ አስቀድመው ይንገሯቸው።