የመሪ ዘይቱ የት ገባ?

ሔኖክ፦ እንኳን በደህና መጣችሁ። ሳራ፣ ያቺ ኮሮላሽ እንዴት ሆነች?

ሳራ፦ ተመስገን፣ ተሽሏታል። ግን ሁለት ወር ሙሉ አሰቃይታኛለች። መሪው ሲዞር ያቃስታል። ዘይቱን ሳይ ጎድሏል። እሞላለሁ፣ በሳምንቱ እንደገና ይጎድላል። ማታ ከሥሯ ካርቶን አነጥፋለሁ፤ ጠዋት አንድ ጠብታ የለበትም!

ሔኖክ፦ ጭስስ?

ሳራ፦ ነጭ ጭስ ነበራት። አንድ ጋራዥ «ሞተሩ መውረድ አለበት» አሉኝ። በጣም ነው የደነገጥኩት።

ሔኖክ፦ እዚህ ጋ ቆም እንበል። በፈረንጆቹ 90ዎቹ የተሠሩ ብዙ ኮሮላዎች የመሪ ፓምፕ ላይ ትንሽ ቫልቭ አለች። ከእሷ ቀጫጭን የአየር ቱቦዎች ወደ ሞተሩ አየር ማስገቢያ ይሄዳሉ። መሪ ስትጠመዝዢ ፓምፑ ሞተሩን ይከብደዋል፤ ቫልቯ አየር ጨምራ እንዳይጠፋ ትረዳዋለች። ስታረጅ ግን ዘይቱንም ታሳልፋለች። ሞተሩ ስቦ ያቃጥለዋል።

ሳራ፦ ልክ እንደዛ ነው የሆነው! ደረቅ መሆን የነበረበትን ቱቦ ስንነቅለው ውስጡ ዘይት። ቫልቯ ተቀየረች፣ ከጥቂት ቀን በኋላ ጭሱም ጠፋ። ሞተሩ ደህና ነበር።

ሔኖክ፦ ወደ ውጭ የሚፈስ ከሆነ ደግሞ ቱቦዎቹን እዩ። ከፓምፑ የሚወጣው፣ መሪው ጫፍ ሲደርስ፣ ጎማ ውስጥ ካለው አየር ከ20 እጥፍ በላይ ግፊት ይሸከማል። እሱን ጠቅልሎ ማሰር አያዋጣም፣ ይቀየር። የመዳብ ማሸጊያዎቹም አብረው ይቀየሩ። ዘይቱን ወደ ማጠራቀሚያው የሚመልሰው ቱቦ ግፊቱ ትንሽ ነው፤ ቢሆንም የውሃ ቱቦ አትግጠሙበት። ዘይት የሚችል ጎማ ይፈልጋል።

ሳራ፦ ዘይቱስ? ሶማሌ ተራ ስሄድ «ቀዩን ስጡኝ» ነው የምለው።

ሔኖክ፦ ለአንቺዋ ልክ ነው፤ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት፣ ዴክስሮን 2 ወይም 3። ሆንዳ ግን የራሱን ነው የሚፈልገው። የፍሬን ዘይት በፍጹም! የጎማ ማሸጊያዎቹን ያሳብጣቸዋል።

ሳራ፦ አሮጌውን በትልቅ ሲሪንጅ ነው ያወጣሁት። ማጠራቀሚያውን ባዶ አድርጌ አዲስ ሞላሁ፣ ትንሽ ነዳሁ፣ ደገምኩት። መጀመሪያ የወጣው ቡና ይመስል ነበር፣ የተቃጠለ የተቃጠለ ይሸታል። በአራተኛው ነው ቀይ ሆኖ የጠራው።

ሔኖክ፦ ቱቦ የቀየረ ሰው ዘይቱ ውስጥ የገባውን አየርም ያውጣ። የፊት ጎማዎቹን በክሪክ አንሥቶ፣ ሞተር ሳይነሣ መሪውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀስ አድርጎ ያመላልስ። አረፋው ሲጠፋ ሞተሩን አስነሥቶ ይድገመው። ጫፍ ላይ ግን ይዞ አይቆይ፤ ፓምፑን ይገድለዋል።

ሳራ፦ እኔ አሁንም ጠዋት ጠዋት ከፍቼ አያለሁ። ዘይቱ ዛሬም የልኩ መስመር ላይ ነው።