ከስሙ በፊት ያያችሁትን ጻፉ፦ በጥር ቆጠራ ዋዜማ ለዓመታዊ ጉባኤያችን የተደረገ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ከጣና ዙሪያ ቀበሌዎች የመጣችሁ አርሶ አደሮችና ዓሣ አስጋሪዎች፣ አስጎብኚዎች፣ መምህራን፣ ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ድረስ ተጉዛችሁ ጥሪያችንን ያከበራችሁ እንግዶቻችን፣ እንኳን በሰላም መጣችሁ።

የሥራ ሪፖርቱን ጸሐፊያችን፣ የሒሳቡን ጉዳይ ሒሳብ ሹማችን ያቀርቡላችኋል። እኔ የተሰጠኝን ሰዓት ለአንድ ጉዳይ ብቻ ላውለው፤ በብርዱ ወራት ወደ እኛ የሚመጡትን ትልልቅ የውሃ ወፎች በትክክል ለይቶ ስለ መመዝገብ።

የውሃ ወፎች ዓለም አቀፍ ቆጠራ የሚካሄደው በየዓመቱ በፈረንጆች ጃንዋሪ አጋማሽ ነው። በእኛ ጥር መጀመሪያ መሆኑ ነው። ያ ሰሞን የተመረጠው ተጓዦቹ ወፎች አርፈው በየቦታቸው የሚረጉበት ስለሆነ ነው። አንድ ረግረግ ዓለም አቀፍ ፋይዳ አለው የሚያሰኙት የታወቁ የቁጥር መለኪያዎች ሁለት ናቸው፤ በመደበኛነት 20,000 እና ከዚያ በላይ የውሃ ወፍ ማስተናገዱ፣ ወይም ከአንድ ዝርያ ሕዝብ ቢያንስ 1 በመቶውን መያዙ። ሁለተኛው መለኪያ ሙሉ በሙሉ በዝርያ ስም ላይ የቆመ ነው። ስሙ ከተሳሳተ ቁጥሩ የቱንም ያህል ተጠንቅቀን ብንቆጥር አይጠቅምም፤ ከአንዱ ዝርያ ቀንሰን ለሌላው መጨመራችን ነው።

ስለዚህ አደራ የምላችሁ ይህንን ነው። ቅጹ ላይ ስም ከመጻፋችሁ በፊት ያያችሁትን ጻፉ። ሲበር አንገቱ ተዘርግቷል ወይስ ታጥፏል? ጅራቱ ነጭ ነው ጥቁር? የክንፉ ሥር የቱ ጋ ጠቁሯል? ጮኋል ወይስ ዝም ብሏል? ስሙ ከእነዚህ መልሶች ይውጣ። የእግርና የምንቃር ቀለም መጨረሻ ላይ ይምጣ።

ቀለምን ለምን ወደ ኋላ እንደማደርገው ላስረዳ። ነጭ ሽመላ በየመጽሐፉ በቀይ እግር ይሳላል። እኛ ጋ ሲደርስ ግን ብዙ ጊዜ እግሩ ነጭ ሆኖ ይታያል። ሽመላ ሙቀት ሲበረታበት በገዛ እግሩ ላይ ኩሱን ይለቃል፤ እርጥበቱ ሲተን በእግሩ የሚዘዋወረውን ደም ያቀዘቅዝለታል፤ ደርቆ የሚቀረው እንደ ኖራ ያለ ነጭ ሽፋን ነው። ቀይ እግር የሚፈልግ ቆጣሪ ይህንን ወፍ አይቶ ሌላ ስም ይሰጠዋል። የዘንድሮው ጫጩት ደግሞ ምንቃሩ ገና ቀይ አልሆነም፤ ጫፉ ጠቆር ይላል። በዚያ ላይ የፀሐይ አቅጣጫና ጭቃ አለ። ቅርጽና አበራረር ግን እንዲህ በቀላሉ አያታልሉም።

እንግዲህ ከአንገት እንጀምር። ሳቢሳ ሲበር አንገቱን አጥፎ ጭንቅላቱን ወደ ትከሻው ይሰበስባል፤ ክሬን የሚባለው ባለ ረጅም እግርና አንገት ትልቅ ወፍና አብዛኞቹ ሽመላዎች አንገታቸውን ወደ ፊት፣ እግራቸውን ወደ ኋላ ዘርግተው ይበራሉ። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ሳቢሳ ከመሬት በተነሳበት ቅጽበት ለጥቂት ጊዜ አንገቱን ዘርግቶ ነው የሚሄድ፤ ስለዚህ ወፉ ቢያንስ አሥር ጊዜ ክንፉን እስኪመታ ጠብቁና ከዚያ ወስኑ። ፔሊካንም አንገቱን ያጥፋል፤ ነገር ግን ግዙፉ ምንቃሩ ከሩቅ ያጋልጠዋል፤ እግሩም ከጅራቱ አልፎ አይታይም።

ክሬንን ከሽመላ የሚለየው ድምፁና ሰዓቱ ነው። ሽመላ በበረራ ዝም ይላል፤ ጎጆው ላይ ሲሆን ምንቃሩን ያንኳኳል እንጂ አይጮህም። ግራጫው ክሬን የመተንፈሻ ቧንቧው በደረት አጥንቱ ውስጥ ተጠማዝዞ የሚያልፍ በመሆኑ እንደ መለከት ያለ፣ በጣም ሩቅ የሚሰማ ድምፅ አለው። ሽመላ ለጉዞ የሚመካው መሬት ሞቆ በሚነሣው አየር ስለሆነ ማልዶ ረጅም በረራ አይወጣም። ጎህ ሲቀድ በመስመር ወይም በማዕዘን ተሰልፎ እየጮኸ ከውሃው ወደ ማሳ የሚወጣ መንጋ ካያችሁ ክሬን ነው።

በጣና ዙሪያ የምናገኛቸው ክሬኖች ሦስት ዓይነት ናቸው፤ ከእነርሱ ተጓዡ አንዱ ብቻ ነው። ግራጫው ክሬን ከምሥራቅ አውሮፓና ከምዕራብ ሩሲያ ተነሥቶ፣ በእስራኤል የሁላ ሸለቆ በኩል አልፎ ከጥቅምት መጨረሻ ጀምሮ ይደርሳል፤ የካቲት ላይ ይመለሳል። በፎገራ ሜዳ፣ በሸሸር፣ በወላላና በጭምባ ረግረጎች የሚያድረው ይኸው ነው። ሰውነቱ ግራጫ፣ ጉሮሮው ጥቁር ሲሆን ከዓይኑ ኋላ ነጭ መስመር ወደ አንገቱ ይወርዳል፤ ቆሞ ሲታይ የክንፉ የውስጥ ላባዎች ጅራቱን ሸፍነው ተንዠርግገው ይወድቃሉ። ይህ ዝርግፍ ላባ ሳቢሳም ሽመላም ላይ የለም፤ በአንድ ኪሎ ሜትር ርቀት እንኳ በቴሌስኮፕ ይለያል። ሁለተኛው አገጩ ሥር ሁለት ሥጋ የሚንጠለጠልበት ክሬን ነው፤ ከአፍሪካ ክሬኖች ሁሉ ረጅሙ ሲሆን አንገቱ ሙሉ በሙሉ ነጭ፣ ሆዱ ጥቁር ነው። ነዋሪ ነው፣ ጥቂት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ጥንድ ሆኖ ወይም ከአንድ ጫጩት ጋር ይገኛል። ሦስተኛው ባለ ዘውዱ ጥቁር ክሬን ሲሆን በበረራ የክንፉ የላይኛው ገጽ ሰፊ ነጭ ሆኖ ይታያል።

በእነዚህ ሦስቱ መካከል ጀማሪዎች የማያስተውሉት ምልክት የኋላ ጣት ነው። ባለ ዘውዱ ክሬን የኋላ ጣቱ ረጅም ስለሆነ ቅርንጫፍ ይጨብጣል፤ ዛፍ ላይ ያርፋል፣ ዛፍ ላይ ያድራል። የሌሎቹ ሁለቱ የኋላ ጣት አጭርና ከፍ ብሎ የተቀመጠ ስለሆነ ቅርንጫፍ መያዝ አይችሉም። ምሽት ላይ ዛፍ ላይ የክሬን ቅርጽ ከታየ ግራጫው ሊሆን አይችልም፤ ጨለማው ቀለሙን ቢሸፍነውም ይህ አይለወጥም።

አርሶ አደር ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ይህችን ጣት ልብ እንድትሉልኝ እፈልጋለሁ። ጓያውና ሽምብራው በቀሪ እርጥበት በሚበቅልበት ወቅት ማሳ ሲበላ ወቀሳው ሁሉ በክሬን ላይ ሲወድቅ እንሰማለን። ከመወንጀል በፊት ዱካውን ተመልከቱ። የግራጫው ክሬን ዱካ ሦስት የፊት ጣት ብቻ ነው፤ በጣቶቹ መካከል ቆዳ የለም፣ የኋላ ጣቱም አያርፍም። የዝይ ዱካ በጣቶቹ መካከል የቆዳ ምልክት አለው። ክሬን በምንቃሩ እየቆፈረ ዘር ስለሚያወጣ ጉድጓድ ይተዋል፤ ዝይ ቅጠሉን ከላይ እየቀነጠሰ ስለሚግጥ ቡቃያው የተከረከመ ይመስላል፤ ኩሱም በብዛት ተበታትኖ ይገኛል። ጉዳቱ የዝይ ከሆነ ክሬን ማባረሩ ማሳውን አያድነውም፤ የክሬን ከሆነም በግልጽ ተመዝግቦ ሊነገር ይገባል። የአርሶ አደሩ ኪሳራ እውነተኛ ኪሳራ ነው። በሁላ ሸለቆ አርሶ አደሮችና የጥበቃ ሰዎች ተስማምተው ለክሬኖቹ በቆሎ በተለየ ቦታ እየበተኑ ከማሳ አርቀዋቸዋል። የእኛ አቅም ሌላ ነው፤ ሆኖም ማንኛውም መፍትሔ የትኛው ወፍ እንደበላ ከማወቅ ይጀምራል።

አሁን ወደ ሰማይ ቀና እንበል። እጅግ ብዙ ስህተት የሚሠራው ከፍ ብለው በሚዞሩ ነጭና ጥቁር ወፎች ላይ ነው። ነጭ ሽመላ፣ ባለ ቢጫ ምንቃር ሽመላና ነጭ ፔሊካን ሦስቱም ከሥር ሲታዩ ገላቸው ነጭ፣ የክንፋቸው የኋላ ጠርዝ ጥቁር ነው። ቁልፉ ጅራቱ ነው። የነጭ ሽመላ ጅራት ነጭ ነው፤ የባለ ቢጫ ምንቃሩ ጅራት ጥቁር ነው። ጅራቱ ካልታየ የሁለቱን ስም አትጻፉ። ፔሊካን ደግሞ በኅብረት ይዞራል፤ መንጋው በአንድ ላይ ሲታጠፍ ሁሉም በአንድ ጊዜ ብልጭ ይሉና በአንድ ጊዜ ይደበዝዛሉ። ሽመላዎች እያንዳንዳቸው በየራሳቸው አቅጣጫ የሚዞሩ ስለሆነ መንጋው የተበታተነ ይመስላል። ክንፉ ሥር ጥቁርና ነጩ በደንብ ያልተለየ፣ ግራጫ የሚመስል አነስ ያለ ፔሊካን ካያችሁ ጀርባው ሮዝ የሆነው ዓይነት ነው።

ጥቁር ሽመላና የአብዲም ሽመላ ሌላው ፈተና ናቸው። ሁለቱም ጥቁር ሆነው ሆዳቸው ነጭ ነው። የአብዲም ሽመላ አነስ ይላል፣ ምንቃሩ አረንጓዴ ያዘለ ግራጫ ነው፣ ሲበር ከላይ ከታየ የጀርባው የታችኛው ክፍል ነጭ ነው። ጥቁር ሽመላ ጀርባው እስከ ጅራቱ ጥቁር ነው፤ የአዋቂው ምንቃር ቀይ ነው። የአብዲም ሽመላ አፍሪካ ውስጥ ዝናብ ተከትሎ የሚጓዝ ስለሆነ በጥር አብዛኛው ወደ ደቡብ ወርዷል። ይህ ግን ለመጠርጠር እንጂ ለመፍረድ አይበቃም፤ ጀርባውን ሳናይ በወር ብቻ ስም አንሰጥም።

ስለ ፍላሚንጎ በአጭሩ፤ የአቢያታና የጪቱ ሐይቆች እንግዶቻችን ከእኛ በላይ ያውቁታል። ትልቁ ገረጣ ብሎ ምንቃሩ ሮዝ፣ ጫፉ ብቻ ጥቁር ነው፤ ትንሹ ምንቃሩ ሙሉ በሙሉ የጠቆረ ቀይ ነው። ተደባልቀው ሲቆሙ ቁመታቸው ራሱ ይለያቸዋል።

መለየቱ ከተሳካ በኋላ ቆጠራው አለ። ክሬን ቀን ቀን በየማሳው ስለሚበተን የሚቆጠረው ማደሪያው ላይ ነው። ማታ ከ11 ሰዓት ጀምሮ እስኪጨልም፣ ወይም ጠዋት ከ11 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ወጥተው እስኪያልቁ። መንጎች ከአንዱ ማደሪያ ወደ ሌላው ስለሚቀያየሩ ሁሉም ማደሪያዎች በአንድ ምሽት መቆጠር አለባቸው፤ ሸሸርን ዛሬ፣ ጭምባን ነገ መቁጠር ተመሳሳዩን ወፍ ሁለት ጊዜ ያስቆጥራል። አንዱ ይቁጠር፣ ሌላው ይጻፍ፤ ቆጣሪው ዓይኑን ከመንጋው አያንሣ። ትልቅ መንጋ ሲመጣ መጀመሪያ 10 ወፍ በእርግጥ ቁጠሩ፣ ያ 10 ምን ያህል ቦታ እንደያዘ ተመልከቱ፣ በዚያ ልክ 100 አድርሱ፣ ከዚያ በመቶ በመቶ ሂዱ። ዞሮ የተመለሰ መንጋ እንደገና አይቆጠርም፤ ስለዚህ የመጣበት አቅጣጫና ደቂቃው አብሮ ይጻፍ። ውሃ ዳር በቴሌስኮፕ የምትቆጥሩ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በኋላ ብዙም አትድከሙ፤ ከመሬት የሚነሣው ሙቀት ምስሉን ስለሚያንቀጠቅጠው አንገትና ምንቃር አይለዩም።

የዘንድሮዎቹን ጫጩቶች መለየት የመራባቱን ሁኔታ ስለሚነግረን እንዲቀር አልፈልግም። የግራጫው ክሬን ጫጩት በመጀመሪያው ዓመቱ ጭንቅላቱ ቡናማ ነው፤ ጥቁርና ነጩ ገና አልወጣም። ድምፁም ገና ቀጭን ፉጨት ነው፤ በመለከቱ መካከል ሲጮህ በጆሮ ይለያል። ቤተሰቦች ከትልቁ መንጋ ተነጥለው ሊበሉ ስለሚችሉ ናሙናውን ከመንጋው መሀልም ከዳርም ውሰዱ፤ ከአንድ ወገን ብቻ የተወሰደ ቁጥር ያዘነብላል።

አሁን የምለው ትንሽ ይመስላል፤ መረጃ የሚያበላሸው ግን እርሱ ነው። ቅጹ ላይ «2 ሰዓት» ብቻ ተጽፎ ሲመጣ በእኛ ይሁን በፈረንጆች፣ ጠዋት ይሁን ማታ ማንም አያውቅም። «5/5/2017» ተብሎ ከተጻፈ ጥር 5 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው ወይስ የፈረንጆች ሜይ 5 ቀን 2017? ጥር 5 ቀን 2017 ዓ.ም. በፈረንጆች ጃንዋሪ 13 ቀን 2025 ነው፤ ይህ የሰባት ዓመት ከስምንት ወር ገደማ ስህተት ያመጣል። ወሩን በስሙ ጻፉ፣ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» አትዝለሉ፣ ሰዓቱን ጠዋት ወይም ማታ ብላችሁ ለዩ።

እግሩ ላይ ባለ ቀለም ቀለበት ያለው ወፍ ካገኛችሁ ከላይ ወደ ታች አንብቡ፤ ግራና ቀኝ የሚባለው የወፉ ግራና ቀኝ ነው እንጂ የእናንተ አይደለም። አንዱ ቀለም ካልታየ በግምት አትሙሉት፣ ባዶውን ተዉት።

የታመመ ወይም የሞተ ወፍ ስታገኙ በባዶ እጅ አትንኩ፣ ለምግብ አታውሉት፣ ለውሻም አትስጡት። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በሁላ ሸለቆ የወፍ ጉንፋን ከአምስት ሺህ በላይ ክሬኖችን ገድሏል፤ በዚያው የጉዞ መስመር ላይ ያለነው እኛ ነን። ቦታውን፣ ቁጥሩንና ዝርያውን መዝግባችሁ ለወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ በዚያው ቀን አሳውቁ። ከመብራት መስመር ሥር የተገኘ አንድ ወፍ አብዛኛውን ጊዜ ከሽቦ ተጋጭቶ የሞተ ነው፤ ውሃ ዳር በአንድ ቦታ ብዙ ከሞተ ግን በሽታን መጠርጠር ያስፈልጋል።

በአዲሱ ቅጽ ላይ «ያልተለየ ሽመላ»፣ «ያልተለየ ክሬን»፣ «ያልተለየ ፔሊካን» የሚሉ መስመሮች አስገብተናል። እነዚህን መስመሮች የሚሞላ አባል እንደ ሰነፍ አይታይብን፤ 40 ያልተለየ ሽመላ ብሎ የጻፈ ሰው የሰጠን ቁጥር ይሠራል፤ ሳያይ ስም የሰጠው ሰው ቁጥር ግን የሌሎቹንም ያበላሻል። ልምድ ያላችሁ አባላት፣ በተለይ እናንተ፣ ይህንን መስመር በራሳችሁ ቅጽ ላይ ስትጠቀሙ ወጣቶቹ ይዩ።

ከሰዓት በኋላ ከ8 ሰዓት ጀምሮ በየቡድናችሁ ቅጹን ትለማመዳላችሁ፤ ባይኖኩላር ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፣ የሌላችሁ ከጽሕፈት ቤታችን በፊርማ ትወስዳላችሁ። የማደሪያዎቹ ድልድል ዛሬ ማታ ከመበተናችን በፊት ይጠናቀቃል። ጉባኤያችን በይፋ ተከፍቷል፤ ጸሐፊያችን የሥራ ሪፖርቱን እንዲያቀርቡልን በአክብሮት እጋብዛለሁ።